የታተመው ፊርማ፦ የአንድ ታፔላ ጸሐፊ ጉዳይ በደብረ ማርቆስ

ማሽኑ ሞቋል። አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። ወዳጄ ሥዕሉን በሁለቱ ላስቲክ መሃል አስተካክሎ ሊገፋው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ምነው?» አለኝ።

«ላሚኔት ከሆነ በኋላ ፊርማውን በምን እናየዋለን?»

«ፊርማው ምን ሆነ? ይኸው ቁጭ ብሏል።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ያን ሰዓት ፊርማውን አልተጠራጠርኩም። ያሳዘነኝ ወረቀቱ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ የኖረ ወረቀት በጋለ ሙጫ መሃል ሲገባ ማየት ከበደኝ። አፌ ላይ የመጣልኝን ነው የተናገርኩት። ጥርጣሬው የመጣው በኋላ ነው፤ ማሽኑ ጠፍቶ፣ ሥዕሉን በር ላይ አውጥተን በፀሐይ ስናየው።

ይህ የዚያ አንድ ወረቀት ጉዳይ ነው። የወዳጄን ስም አልጠቅስም። «ስሜን ከጻፍክ ታፔላ አልሠራልህም» ብሎኛል። መምህር ነኝ፣ ታፔላ የሚያስፈልገው ሱቅ የለኝም። ቢሆንም ቃል ቃል ነው።

ሰብሳቢው

ወዳጄ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታፔላ ሲጽፍ ሃያ ዓመት አልፎታል። የሥጋ ቤት በሬ፣ የፀጉር ቤት ሙሽራ፣ የጎሚስታ ጎማ፤ በእጁ ያልሳለው የለም። ባነር ማተሚያ ከመጣ ወዲህ ግን በብሩሽ የሚያሠራ ሰው እያነሰ ሄደ። አሁን ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ያቺ የላሚኔሽን ማሽን አሉ። ብሩሾቹ አንድ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ቆመዋል።

ልጅ ሆኖ ቪዲዮ ቤት ይገባ ነበር። ሃምሳ ሳንቲም ከፍሎ፣ አግዳሚ ላይ ተጣቦ። አብዛኛው ካራቴና የህንድ ፊልም ነው። አንድ ቀን ግን ስታር ዋርስ የተባለው የጠፈር ፊልም ታየ። እንግሊዝኛው አልገባውም። ማን የማን ልጅ እንደሆነም አልለየም። ዓይኑ የቀረው መርከቦቹ ላይ ነው። ቆሻሻ ናቸው። «ጭረት አላቸው፣ ጥቀርሻ አላቸው፣ ልክ እንደ አይሱዙ» ይላል እስከ ዛሬ። የወደፊቱን ዘመን አሮጌ አድርጎ የሳለው ማነው የሚለው ጥያቄ ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀውም። ተዋናዮቹ ግድ አይሰጡትም። ፎቷቸውን በነፃ ብትሰጠው አይቀበልህም። እሱ የሚፈልገው ካሜራው ከመምጣቱ በፊት ወረቀት ላይ ጎንበስ ብሎ የነበረውን ሰው ነው።

መልሱ አንድ ሰው አይደለም። የመጀመሪያዎቹን የመርከብ ሞዴሎች የሠራው ኮሊን ካንትዌል ነው። ጆ ጆንስተን የሚባል ወጣት ደግሞ ብዙውን ሥዕል አስተካክሏል። ወዳጄ ልቡን የጣለው ግን ራልፍ መኳሪ ላይ ነው።

መኳሪ እ.ኤ.አ. በ1929 ተወልዶ በ2012 ያረፈ አሜሪካዊ ሠዓሊ ነው። ለቦይንግ የአውሮፕላን ሥዕል ይሠራ ነበር። የአፖሎ ጉዞዎች በሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲቀርቡም ለማብራሪያ የሚሆኑ ሥዕሎች ሠርቷል። በ1975 የስታር ዋርስ ደራሲና ዳይሬክተር ጆርጅ ሉካስ ጠራው። ፊልሙ ገና አልተቀረጸም። ስለ ጠፈር የሚያወራውን ድርሰት ያነበበ ሁሉ ግራ ይጋባ ነበር። መኳሪ ትዕይንቶቹን አንድ በአንድ በቀለም ሳላቸው። ወርቃማውን ሮቦት ሲስል መነሻው ሜትሮፖሊስ በተባለው የ1927ቱ የጀርመን ፊልም ውስጥ ያለችው ሮቦት ነበረች። የፊልሙ ክፉ ሰው የዳርት ቬደር የመተንፈሻ ጭንብልም የእሱ ሐሳብ ነው። ሰውየው ከመርከብ ወደ መርከብ በባዶ ጠፈር የሚሻገር ከሆነ በምን ይተነፍሳል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ጥያቄ ነው ዓለም የሚያውቀው ፊት የወጣው። ሉካስ ሥዕሎቹን ይዞ ስቱዲዮ ሲገባ ገንዘብ የያዙት ሰዎች ነገሩ ገባቸው።

ወዳጄን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀው ግን ሌላ ነው። መኳሪ ኮሪያ ዘምቷል። ጭንቅላቱን በጥይት ተመቶ ተርፏል። የእኛ ቃኘው ሻለቃ የነበረበት ጦርነት ነው። «የኛ ሰዎች የረገጡትን ጭቃ ረግጧል» ይላል፣ ዘመድ እንዳገኘ ሰው።

ለእኛ የሚደርሰው ገበያ

ትልቁ ገበያ ሌላ ዓለም ነው። ሮቢ የሚባለው ሮቦት፣ የ1956ቱ ፎርቢደን ፕላኔት ፊልም ላይ የታየው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ላይ በቦናምስ ጨረታ 5.375 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። ይህን በጊዜው ምንዛሪ አስልቼ 150 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው ብዬ ለወዳጄ ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «መናኸሪያውን ከነአውቶቡሱ ይገዛል» አለ። የሜትሮፖሊስ ፖስተር በ2005 በ690,000 ዶላር ሄዷል። ስታር ዋርስ ላይ የበረረች ኤክስ ዊንግ የተባለች አንዲት የጠፈር መርከብ ሞዴል ደግሞ በ2023 ከ3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አውጥታለች። ፕላስቲክ ናት። የመጫወቻ ታንክና አውሮፕላን ቁርጥራጭ እየለጣጠፉ የሠሯት።

አንድ ሰሞን ወዳጄ በአቋራጭ ለመግባት ሞክሮ ነበር። የስታር ዋርስ ጀግኖች የሚዋጉበት የብርሃን ሰይፍ እጀታ የተሠራው ግራፍሌክስ ከሚባል የድሮ ካሜራ የፍላሽ እጀታ ነው። ሮጀር ክርስቲያን የተባለው የፊልሙ ባለሙያ ለንደን አንድ የፎቶ ዕቃ መደብር ውስጥ ነው ያገኘው። ዛሬ ሰብሳቢዎች እነዚያን እጀታዎች እያደኑ ይገዛሉ። ወዳጄ ይህን ሲሰማ የከተማውን አሮጌ ፎቶ ቤቶች ዞረ። አንዱ ባለ ፎቶ ቤት «የድሮ ፍላሽ አለዎት ወይ?» ሲላቸው መሳቢያ ከፍተው ባለ 2 ጂቢ ፍላሽ አወጡለት። «ከዚህ የቆየ የለኝም ልጄ» አሉት።

እንግዲህ የቀረው ወረቀት ነው። ፊልሙ በወጣበት በ1977 ባላንታይን የተባለ አሳታሚ የመኳሪን ሥዕሎች በአንድ ማህደር አሳትሟል። 21 ሥዕል፣ እያንዳንዱ ለብቻው፣ ከደብተር ተለቅ ባለ ወረቀት። በገፍ የታተመ ስለሆነ ዋጋው ሰው አያስደነግጥም። ሰብሳቢ የሚያበደው ግን ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ ላይ መኳሪ በእጁ ከፈረመበት ነው። ያኔ ወረቀቱ ከሺህ አቻዎቹ ይለያል። ሰውየው አንድ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ ይህችን ወረቀት ነክቷታል ማለት ነው።

ግዢው

ጥቅምት 2011 ዓ.ም. ላይ ወዳጄ ስልኩን ይዞ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። አንድ ሻጭ ኢንተርኔት ላይ ከማህደሩ አንድ ሥዕል ለጥፏል። ሁለቱ ሮቦቶች በበረሃ። 180 ዶላር። «እስቲ አንብብልኝ፣ ምን ይላል?»

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። እንግሊዝኛው የሚለው በሠዓሊው የተፈረመ ነው። አማርኛ ደግሞ ነገር ያስለይሃል። የተፈረመ ብለህ ብትተው፣ ፊርማ አለበት ከማለት አያልፍም። ፈርሞበታል ካልክ ግን ሰውየው ብዕር አንሥቶ ይህቺው ወረቀት ላይ አሳርፏል ማለትህ ነው። እኔ «ፈርሞበታል» አልኩ። ምን አስቸኮለኝ? የወዳጄ ፊት። እንደ ልጅ ነበር የሚያየኝ። ሻጩ በእጅ የሚል ቃል የትም ቦታ አልጻፈም። አምስት ጊዜ ያነበብኩት በኋላ ነው።

ከሥዕሉ ጋር የማረጋገጫ ወረቀት አብሮ ይላካል ይላል። ይህም አስደሰተን።

እኛ አገር ሆነህ በዶላር ከውጭ ዕቃ መግዛት እንዴት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። እህቱ ሚኒሶታ ናት። እሷ በካርዷ ከፈለች፣ እሱ እዚህ ለእናታቸው 5,000 ብር ሰጠ። ዕቃው በሳምንቱ እህቱ ቤት ገባ። የካርቶን ቱቦ ውስጥ ተጠቅልሎ።

«እንዳትከፍቺው!» አላት በስልክ። «አየር ከገባው ይበላሻል።»

እሷም የወንድሟን ቃል አክብራ ቱቦውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀለችው። ከዚያ ወደ አገር የሚመጣ ሰው መጠበቅ ነው። አንዷ ለገና እመጣለሁ አለች፣ ቀረች። ሌላው ሻንጣዬ ሞላ አለ። በመጨረሻ አንዲት የሰፈራቸው ልጅ ለጥምቀት ስትመጣ ይዛው አዲስ አበባ ገባች። ከዚያ በአውቶቡስ፣ በሾፌር እጅ፣ ደጀን ድረስ የዓባይን በረሃ ወጥቶ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። አራት ወር። ሻጩ ዕቃ የሚመልስበት ቀነ ገደብ 30 ቀን ነበር።

ምርመራው

ወደ ላሚኔሽን ማሽኗ እንመለስ። ወዳጄ ክፉ አስቦ አይደለም። በኛ ከተማ የተከበረ ወረቀት ሁሉ ላሚኔት ይደረጋል። የልደት ካርድ፣ ዲፕሎማ፣ የሠርግ ፎቶ። ለእሱ ይህ የክብር ሽልማት ነው። ችግሩ ሙጫው አንዴ ከያዘ አይለቅም። ቀለሙን ይዞት ይወጣል። በዚያ ላይ ከላስቲክ ሥር ያለን ፊርማ መንካትም ማየትም አይቻልም።

በር ላይ ወጣን። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ ነው፣ ፀሐይዋ ጋደል ብላለች። ወረቀቱን ዓይኔ ትይዩ አድርጌ አጋደምኩት። ሙሉው ገጽ እኩል ያበራል። ፊርማው ያለበት ጥግም እኩል ያበራል። እርሳስ ቢሆን ለብቻው እንደ ብረት ብልጭ ይላል። እስክሪብቶ ቢሆን ጎድጎድ ያለች መንገድ ትኖረዋለች። ማርከር ከሆነም ቀለሙ ከወረቀቱ ገጽ ላይ በተለየ ልስላሴ ይተኛል። ይህ ግን ምንም። ገለበጥኩት። ጀርባው ላይ በጣቴ ዳበስኩ። ለስላሳ።

«እንጃ» አልኩ።

ወዳጄ ሳይናገር ገባና ከጎረቤቱ ሰዓት ጠጋኝ አጉሊ መነጽር ተውሶ መጣ። ያቺን ዓይን ላይ የምትጣበቀዋን። እሱ ቀድሞ አየ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ለእኔ ሰጠኝ።

በመነጽሩ ውስጥ በረሃው የለም። ሮቦቶቹም የሉም። ያለው ነጠብጣብ ነው። ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ እንደ ጤፍ የተዘራ። ማተሚያ ቤት ሥዕልን የሚያትመው እንዲህ ነው፤ አራት ቀለም በነጥብ እየረጨ፣ ዓይን ከሩቅ ራሱ ያዋህደዋል። መነጽሩን ወደ ፊርማው ወሰድኩት። እሱም ነጠብጣብ ነው። የመጀመሪያዋ ፊደል ጀርባ ከትናንሽ ነጥቦች የተሰደረ ነው። ጠርዟ እንደ ተበላ መጋዝ ነው።

ወዳጄ ወይ ፍንክች! «ምናልባት ቀለሙ ነጥቡ ውስጥ ገብቶ ይሆናል» አለ። ጥሩ ሐሳብ ስለሆነ ሞከርነው። ከአንድ አሮጌ መጽሔት ባለ ቀለም ገጽ ቀደድንና ጥጉ ላይ በእርሳስ፣ በእስክሪብቶና በማርከር የራሱን ፊርማ ሦስት ጊዜ ፈረመ። በመነጽር አየነው። የእሱ መስመሮች ሳይቆራረጡ በነጥቦቹ ላይ ያልፋሉ። መንገድ በዳጉሳ ማሳ መሃል ሲያልፍ እንደሚታየው። መስመሩና ነጥቡ ሁለት የተለያየ ነገር ናቸው። ሥዕሉ ላይ ያለው ፊርማ ግን ራሱ ማሳው ነው።

በዚህም አልረካም። «መሪጌታ ያዩልኝ» አለ።

መሪጌታ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ከከተማው ወጣ ብሎ ካለ አንድ ደብር አጠገብ ይኖራሉ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ በመቃ ብዕር ዳዊትና ድርሳን ይጽፋሉ። ለወዳጄ የእናቱ አጎት ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ሄድን። ጠላ ቀረበ። ሥዕሉን ከጨርቅ ውስጥ አውጥተን ሰጠናቸው።

ቀጥ ብለው ፊርማውን ያያሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላዩትም። መጀመሪያ ገለበጡት። ጀርባውን አሸተቱ። ጠርዙን በአውራ ጣታቸው አጠፍ አጠፍ አደረጉ።

«ከማን እጅ መጣ?» አሉ።

«ከሻጭ፣ መሪጌታ።»

«ሻጩስ ከማን አገኘው?»

ዝም አልን። ይህን እንኳን ለማወቅ ለመጠየቅም አላሰብንም።

ከዚያ ፊርማውን ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት። መነጽር አልጠየቁም። «ብዕር ሲወድቅ ይከብዳል፣ ሲነሣ ይቀላል። ይሄ ወድቆ አልተነሣም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ጨመሩ፦ «ከሥዕሉ ጋር ባንድ ቀን የተወለደ ነው።»

ወዳጄ የመጽሔቱን ቁራጭ ከኪሱ አውጥቶ የፈረመውን አሳያቸው። ሣቁ። «ፍትነተ ብርዕ ነው ይሄ!» ጸሐፊ አዲስ ብዕር ቀርጾ ሲሞክር የሚጽፋት ነገር ናት። ከዚያ ቁም ነገር ሲመጣባቸው አንድ የራሳቸውን ቅጠል አወጡና በአግድም ብርሃን አሳዩን። የቀይ ቀለሙ ስም ከብራናው ላይ ከፍ ብሎ ይታያል። በጣት ሲነኩት ይታወቃል።

ነገሩ እንዲህ ሆኗል ማለት ነው። መኳሪ ሥዕሉን ስሎ ሲጨርስ ጥጉ ላይ በብሩሽ ፈርሟል። ማንኛውም ሠዓሊ እንደሚያደርገው። ሥዕሉ ለማህደሩ ሲታተም ፊርማውም አብሮ ተነሣ። ስለዚህ በዓለም ላይ ያለው የዚያ ሥዕል ቅጂ ሁሉ ያው ፊርማ አለበት። ፎርጅድ አይደለም። እውነተኛ የመኳሪ ፊርማ ነው፣ የፊርማው ፎቶ። ሻጩ አልዋሸም። እኛ እንድንሳሳት በር ከፍቶ ነው የሄደው። የማረጋገጫ ወረቀቱን እንደገና ሳየው ወርቃማ ማኅተም አለው፣ ያተመው ራሱ ሻጩ ነው። ዕቃዬ እኔ ያልኩት ነው ብሎ ራሱ መስክሯል። ከእጅ አይሻል ዶማ።

ከዚያስ

እህቱ ለሻጩ ጻፈች። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሁለተኛ ጻፈች። አንዲት መስመር መለሰ፦ ፊርማው ታች ጥጉ ላይ አለ፣ ተመልከቺ። ሦስተኛ አልጻፈችም፤ የመመለሻው ጊዜ ካለፈ ሦስት ወር ሆኖታል። በንዴቷ ስትፈልግ ሙሉውን ማህደር፣ 21ዱንም፣ በ95 ዶላር አገኘችው። ይህን ለወዳጄ የነገርኩት ከአንድ ሳምንት በኋላ ነው። ያን ሰሞን ፊቱ አያስነግርም ነበር።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አሰብኩ። ቃሉን መሳሳቴ አንድ ነገር ነው። ግን ዋናው ስህተት የተፈጸመው ሚኒሶታ ቁም ሣጥን ላይ ይመስለኛል። የምርመራው ቦታ ደብረ ማርቆስ አልነበረም። ዕቃው ገንዘብህ ሊመለስበት ከሚችልበት አገር ሳይወጣ መታየት አለበት። እኛ በጥንቃቄ ስም እንዳይከፈት አደረግን። ቱቦው ዓባይን ሲሻገር ውስጡ ያለው ነገር ምንም ይሁን ምን የእኛ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛውን ግዢ ያደረግነው በ2012 ዓ.ም. ነው። የሲድ ሚድ መጽሐፍ። ሚድ ለፎርድ መኪና ሲስል ቆይቶ ወደ ፊልም የገባ ሰው ነው። በ1982 የወጡት ብሌድ ራነርና ትሮን ላይ የእሱ እጅ አለ። ዝናብ የማያቆምባት፣ መብራት በመብራት የሆነችውን የብሌድ ራነርን ከተማ ያየ አይረሳትም። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ አረፈ። ወዳጄ መጽሐፉን ያገኘው ሰውየው ካረፈ ከጥቂት ወር በኋላ ነው። ሠዓሊ ሲሞት ፊርማው በድንገት የሚበዛበት ወቅት ስለሆነ እኔ አልወደድኩትም።

ግን ይኼኛው ሻጭ ሌላ ዓይነት ሰው ነው። መጽሐፉ በስም የተሰጠ ነው። ለእገሌ፣ ከመልካም ምኞት ጋር የሚል አለበት። እንዲህ ያለ መጽሐፍ ዋጋው ይቀንሳል። የሌላ ሰው ስም ያለበት ስጦታ ለመሸጥ አይመችም። ለእኛ ግን ይህ ነው የተሻለው። አስመስሎ የሚፈርም ሰው ብዙ ገዢ የሚያገኝለትን ባዶ ፊርማ ይመርጣል፤ የአንድ የማይታወቅ ሰው ስም ጽፎ ዕቃውን ምን አረከሰው? በዚያ ላይ ያ እገሌ የሻጩ አባት ነው። አባትየው ሚድ ንግግር ባደረገበት አዳራሽ ተገኝቶ ነው ያስፈረመው፤ የመግቢያ ትኬቱ መጽሐፉ ውስጥ እንደ ዕልባት ተቀምጧል።

ሻጩስ ከማን አገኘው? ከአባቱ። መሪጌታ ያስተማሩንን መጠየቅ የጀመርነው ያኔ ነው።

እህቱ በዚህ ጊዜ የወንድሟን ትእዛዝ ሳትጠብቅ ከፈተችው። ስልኳን አጋድማ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አነሣች። ከሁሉ ያሳመነኝ የገጹ ጀርባ ነው። የማርከሩ ቀለም ወረቀቱን ሰርስሮ ወደ ኋላ ወጥቷል። ፊደላቱ በመስታወት እንደሚታዩ ተገልብጠው ይነበባሉ። ማተሚያ እንዲህ አይጠጣም። 70 ዶላር። መቶ በመቶ እምላለሁ አልልም። ከሥዕሉ ጋር ሲወዳደር ግን በሰላም አስተኝቶኛል።

መጽሐፉ አሁን ወዳጄ ቤት ነው። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክረምቷ ደግሞ ግድግዳ ያስለቅሳል። የመጀመሪያውን ክረምት ዕቃዎቹን ግድግዳ ጋ አስጠግቶ አስቀምጦ የአንዱ ካርቶን ጠርዝ ሻግቷል። አሁን ከግድግዳ ራቅ ያለ የእንጨት ሣጥን አሠርቷል። ውስጡ ከጫማ ካርቶን የሚገኙትን ትናንሽ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ይጨምራል። የከተማው ጫማ ቤቶች ሁሉ ያውቁታል፣ እየሰበሰቡ ያስቀምጡለታል። ጋዜጣ መሃል ማስገባት ትቷል፤ ጋዜጣ ሲያረጅ ቢጫነቱን ለጎረቤቱ ያወርሳል።

የሮቦቶቹ ሥዕልስ? ሽጠው አልኩት። እንቢ አለ። «የሚገዛኝ ሰው ምን ብሎ ይገዛኛል? እንደኔ ይሸወድ?» ይህን ይዞ እንደገና መሪጌታ ዘንድ ሄደ። እኔም ተከተልኩ።

መሪጌታ አላመነቱም። «መጽሐፍ ላይ እንደምናደርገው አድርግበታ» አሉት። የብራና መጽሐፎቻችን ጫፍ ላይ ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደ ጻፈው፣ ለየትኛው ደብር እንደ ተሰጠ ይሰፍራል። መጽሐፉ እጅ ሲለውጥ ሌላ መስመር ይጨመራል። የውጭ ጨረታ ቤቶች ባለሙያ ቀጥረው፣ ገንዘብ አፍስሰው የሚያፈላልጉት ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ከማን ወደ ማን እንደ ሄደ።

ወዳጄ ሥዕሉ ጀርባ ላይ በእርሳስ ጻፈ። እስክሪብቶ ሰርስሮ ወደ ፊት ይወጣል ስላልኩት ነው። የታፔላ እጅ ነው፣ ፊደሉ ያምራል። «ፊርማው ከሥዕሉ ጋር የታተመ ነው። የእጅ አይደለም። በ180 ዶላር ተገዛ። ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ 2012 ዓ.ም.» ከዚያ መሪጌታን ቀና ብሎ አያቸው። እሳቸው ቃሉን እየነገሩት ቀጠለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ በሥልጣነ ጴጥሮስ ወጳውሎስ ውጉዘ ይኩን።» የሰረቀውና የፋቀው የተወገዘ ይሁን። በዓለም ላይ ካሉት የዚያ ሥዕል ቅጂዎች ይህ ቃል ያለበት አንድ ሳይሆን አይቀርም።

መሪጌታ ወረቀቱን ገልብጠው ለመጀመሪያ ጊዜ ሥዕሉን ራሱን ተመለከቱ። አሸዋውን፣ ሰማዩን። ጣታቸውን ወርቃማው ሮቦት ላይ አሳረፉ።

«ይሄ ቢጫው ማነው?»

«አስተርጓሚ ነው መሪጌታ» አለ ወዳጄ። «ከስድስት ሚሊዮን በላይ ቋንቋ ያውቃል።»

መሪጌታ ብርሌውን አስቀመጡ።

«ግዕዝስ?»